ሁለት አልማዞች በአንድ ረድፍ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ቁልፍ ያለውና በቅደም ተከተል የተደረደረ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ ነው። እኔን ግን ነገሩን ያስተማረኝ የሰፈራችን እድር መዝገብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መዝገቡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰፊ ደብተር ነው። በግራ በኩል የአባላት ስም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ከመስከረም ጀምሮ ወራቱ ተሰልፈዋል። ስሙና ወሩ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ የተከፈለው ብር ይጻፋል። አንድን ክፍያ ለማግኘት ማን እና መቼ የሚሉትን ሁለቱንም ማወቅ አለባችሁ። ሁለት ቁልፍ ማለት ይኸው ነው።

የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንዳዛውርላቸው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የአባሉን ቁጥርና የወሩን ቁጥር አጣብቄ አንድ ቁልፍ ሠራሁ። ቁጥሩ 1 የሆነው አባል በ12ኛው ወር የከፈለው 112 ተባለ። ቁጥሩ 11 የሆነው አባል በ2ኛው ወር የከፈለውም 112። በዚያው ቀን ተውኩት። ጸሐፊውም ቢሆኑ በእድር ሰው በቁጥር አይጠራም ብለው ገሥጸውኛል።

ትክክለኛው አሠራር ትሪማፕ በትሪማፕ ውስጥ ነው፤ ትሪማፕ ማለት በቁልፍ የሚፈለግና ቁልፎቹን በተራ አሰልፎ የሚይዝ የጃቫ ሠንጠረዥ ነው። የውጭኛው ቁልፍ አባሉ ሲሆን በዚያ ቁልፍ የሚገኘው ሌላ ትሪማፕ ነው፤ የውስጠኛው ቁልፍ ወሩ፣ የሚገኘውም ብሩ። ትሪማፕ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው ጃቫ 1.2 ጀምሮ አብሮን አለ። በውስጡ ቀይና ጥቁር የሚባለው፣ ሚዛኑን ራሱ የሚጠብቅ ዛፍ (መረጃ በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚደረደርበት አወቃቀር) አለ። 300 አባላት ባሉት እድር አንዱን ለማግኘት ቢበዛ 16 ንጽጽር ይበቃል። ጓቫ በተባለው የጉግል ቤተ መጻሕፍት (የተዘጋጁ የፕሮግራም ክፍሎች ስብስብ) ያለው ትሪቤዝድቴብል የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የቸኮለ እሱን ይውሰድ፤ ቀጥዬ የምነግራችሁ ጣጣ ግን እዚያም ይጠብቀዋል።

ክፍያ ለማስገባት የአባሉን ረድፍ ታመጣላችሁ፤ ከሌለ ባዶ ትሪማፕ ትፈጥሩለትና ወሩንና ብሩን ታስገባላችሁ። ክፍያ ስትሰርዙ ደግሞ ረድፉ ባዶ ከቀረ ረድፉንም አብራችሁ አስወግዱ፤ አለዚያ ምንም ያልከፈለ ሰው ከከፋዮች ስም ዝርዝር ውስጥ ተገኝቶ ያሳፍራችኋል። ስለ አወቃቀሩ ይህ ይበቃል። እኔን ያስቸገረኝ ቅደም ተከተሉ ነው።

ወራቱን በስማቸው፣ እንደ ተራ ጽሑፍ አስገባሁ። ጃቫ ጽሑፍን የሚያነጻጽረው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ለእያንዳንዱ ፊደል በሰጠው ቁጥር ነው፤ ዩኒኮድም ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲቀበል በመሠረቱ በሀ ለ ሐ መ ተራ አስቀምጦታል። ስለዚህ ዓመቱ በሐምሌ ጀመረ! ከዚያ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ እያለ ሄደ፤ ጥርና ጥቅምት ወደ መጨረሻ ተገፉ። ከ13ቱ ወራት በተራው የተገኘው ጳጉሜን ብቻ ነው፤ እሱም የዘመን አቆጣጠሩን አውቆ ሳይሆን ጰ ከፊደል ገበታው ጫፍ አጠገብ ስለተቀመጠች። ኅዳርን በሃሌታው «ህዳር» ብሎ የጻፈ ደግሞ ከ7ኛ ወደ 1ኛ ያዘልለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወራቱን ኢነም፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነ የስሞች ዝርዝር፣ አድርጋችሁ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በተራ ጻፏቸው። ኢነም የሚነጻጸረው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ በኋላ የአንድን አባል ክፍያ ከጥር እስከ ሰኔ ቆርጦ ማውጣት ሰብማፕ በተባለው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው።

ስሞቹ ግን በኢነም አይገሩም። አንዱ ገንዘብ ያዥ «ሃይሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ተተኪው በብዙኃኑ «ኃይሉ» ይላል። የመጀመሪያው ከለማ በፊት፣ ሁለተኛው ከተስፋዬ በኋላ ይቀመጣል። አንዱ ሰው ሁለት ረድፍ ያገኝና ግማሹን ዓመት ያልከፈለ ይመስላል። ስለዚህ የራሴን ኮምፓሬተር፣ ማለትም ሁለት ቁልፎችን አነጻጽሮ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስን ኮድ፣ ጻፍኩ፤ ከማነጻጸሩ በፊት ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ ወደ አንድ አንድ ፊደል ይመልሳቸዋል። የግዕዝ መምህራን ይቅር ይበሉኝ። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ወጣ ማለት እንደሆነ፣ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት እንደሆነ አውቃለሁ። የእድር ገንዘብ ያዥ ግን ይህን ለይቶ እስኪጽፍ ድረስ ወርኃዊ ክፍያው አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። የአባትን ስም ማየት አያስፈልግም ብዬ ኮምፓሬተሩ የመጀመሪያውን ስም ብቻ እንዲያይ አደረግሁ። የጥቅምት ሂሳብ ሲዘጋ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ኮምፒውተሩ ከደመረው በ100 ብር በለጠ። ፕሮግራሙ አንድም ስሕተት አላወጣም። ጸሐፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ዝርዝሩን ቁልቁል አዩና፣ «ልጄ፣ አልማዞች እኮ ሁለት ናቸው» አሉኝ።

ምክንያቱን ልብ በሉ። ሃሽማፕ የተባለው ሌላው የጃቫ ሠንጠረዥ ሁለት ቁልፎች አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ኢኳልስ በተባለው የእኩልነት መፈተሻ ነው፤ ትሪማፕ ግን የሚያምነው ኮምፓሬተሩን ብቻ ነው። ኮምፓሬተሩ ዜሮ፣ ማለትም እኩል ናቸው፣ ካለ ለትሪማፕ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ናቸው። የሁለተኛዋ አልማዝ ክፍያ በመጀመሪያዋ ላይ ተጻፈ። ፑት የተባለው ትእዛዝ የተተካውን 100 ብር መልሶ በእጄ ሰጥቶኝ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም። አሁን ኮምፓሬተሩ ከስም ወደ አባት ስም፣ ከአባት ስም ወደ አባል ቁጥር ያልፋል። ቁጥሩ በመጨረሻ ተመልሶ መጣ፤ ጸሐፊው ግን አያዩትም።

ስለ ዓምድ አንድ ነገር ልበል። የአንድን ሰው ዓመት ማውጣት ፈጣን ነው፤ የአንድን ወር ድምር ማውጣት ግን እያንዳንዱን ረድፍ ማንኳኳት ይጠይቃል። ለ300 አባላት ይህ ምንም አይደለም። ረድፎቹ ሚሊዮን ሆነው ወር ወሩን ቶሎ ቶሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን ወሩን ከውጭ ያደረገ ሁለተኛ ሠንጠረዥ መያዝ ይሻላል። ዋጋው እጥፍ ቦታና ሁለቱን እኩል የማደስ ግዴታ ነው። ችግሩ ሳይመጣ አትሥሩት።

የመጨረሻው ባዶው ሣጥን ነው። ጸሐፊው በደብተራቸው ያልከፈለውን ሰው ሣጥን ባዶ ይተዉታል፤ ታሞ ከክፍያ ነጻ በተደረገው ላይ አግድም ሰረዝ ያሰምራሉ። እኔ ሁለቱንም 0 አድርጌ ባወጣቸው ነጻ የተደረገውንና ባለዕዳውን አንድ ላይ በጠራኋቸው ነበር። ስለዚህ ነጻ የተደረገው 0 ተጽፎለታል፤ ያልከፈለው ግን በውስጠኛው ትሪማፕ ውስጥ ከነወሩ የለም። በእኛ እድር በጳጉሜን ስለማይከፈል ያ ወር በማንም ረድፍ የለም፤ ቦታም አይወስድም።

አሁን ከኋላዬ የምታዩት በምሳሌ ስሞች የተሞላው የጥቅምት ዓምድ ነው። ከላይ 6ኛውንና 7ኛውን ረድፍ ተመልከቱ፤ አልማዝ 100፣ አልማዝ 100። አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።