ድምፃችንን ለማን፣ በምን ውል?

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤ የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ በዚህ አዳራሽ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት በየቤታችን ስለገቡት፣ በድምፅ ስለሚታዘዙት መሣሪያዎች ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን በብዙዎቹ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ከማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ስማርት ስፒከር ተቀምጧል። ልጆች ዘፈን ያስከፍቱታል፣ የቤት ሥራ ይጠይቁታል፣ መብራት ያስጠፉታል። ስፒከር ያልገዛ ሰው እንኳ በኪሱ በያዘው ስልክ ውስጥ ሲሪ ወይም የጉግል ረዳት አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ወዳዶች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መሣሪያው ከቤት ይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ አማርኛ ይወቅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይህንንም አጥብቄ እሻለሁ። ነገር ግን አማርኛን የሚማረው ከእኛው አንደበት ስለሆነ፣ ድምፃችን የሚወሰደው እያወቅንና እየፈቀድን፣ ለምን እንደሚውልም ተነግሮን መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሰው ማሽንን በንግግር ለማዘዝ መሞከር ከጀመረ ቆይቷል። በ1952 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የተሠራው «ኦድሪ» ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ሲጠሩ ይለይ ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ በተራው ሰው እጅ በስፋት የገባው ግን አፕል በ2011 ሲሪን ከአይፎን 4ኤስ ጋር ካወጣ በኋላ ነው። አማዞን በኖቬምበር 2014 አሌክሳ የተባለችውን የድምፅ ረዳት በኤኮ ስፒከር ውስጥ አድርጎ አስተዋወቀ፤ ጉግልም በ2016 ጉግል ሆምን አስከተለ።

አሠራሩን በመጠኑ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በመካከላችን «ሁልጊዜ ይቀርጸናል» የሚለውም ሆነ «ካልጠሩት አይሰማም» የሚለው እውነቱን በሙሉ አልያዘም። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለ አነስተኛ ፕሮግራም የሚደርሰውን ድምፅ ያለማቋረጥ ከመጥሪያ ስሙ ጋር ያመሳክራል፤ ስሙን የሰማ ሲመስለው ቀጥሎ የሚነገረውን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል። እዚያም ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፣ ተናጋሪው የፈለገው ምን እንደሆነ ይገመታል፣ መልሱ ተዘጋጅቶ በድምፅ ይመለሳል። «የሰማ ሲመስለው» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ስሙ ሳይጠራ የተጠራ የሚመስለው ጊዜ አለና። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ጥቅሙ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በአረጋውያን ሕይወት ነው። ልጆቻቸው ለሥራ፣ የልጅ ልጆቻቸው ለትምህርት ሲወጡ ቤት ብቻቸውን የሚውሉ ወላጆች በየሰፈሩ አሉን። ዓይናቸው ደክሞ የስልኩን ፊደል መለየት ያቃታቸው አሉ፤ ጣታቸው በቁርጥማት ተይዞ ቁልፍ መንካት የሚያሠቃያቸው አሉ፤ በልጅነታቸው ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች በንግግር ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፣ ልጅ ዘንድ ይደውላል፣ ቅዳሴም ሆነ መንዙማ ሲፈልጉ ይከፍታል። ይህ ሁሉ አገልግሎት የቀረበው ግን እነርሱ በማይናገሩት ቋንቋ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከሁሉ ያነሰ ይጠቀሙበታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አንድ እናት «ለጸጋዬ ደውልልኝ» ለማለት ቢፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ የሠለጠነው ማሽን የ«ጸ»ን፣ የ«ጠ»ን፣ የ«ቀ»ን ድምፅ አልተማረምና ስሙን ከስልክ ማውጫው ውስጥ አያገኘውም። በዚህ የተነሣ በገዛ ቤታቸው የገዛ ልጃቸውን ስም አጣምመው እስከ መጥራት ይደርሳሉ። የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። እናቶቻችን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ «በሁለት ሰዓት መድኃኒቴን አስታውሰኝ» ሲሉ አሜሪካውያን የጠዋት ስምንት የሚሉትን ማለታቸው ነው። ማሽኑ ቃሉን ብቻ ተርጉሞ አቆጣጠሩን ሳያውቅ ቢቀር በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳቸዋል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። አማርኛ የሚያውቅ ረዳት እንፈልጋለን ስንል እንግዲህ የተተረጎሙ ቃላት ብቻ አይበቁንም፤ ሰዓታችንን፣ 13 ወር ያለውን ዘመን አቆጣጠራችንን፣ ከአባት ስም ጋር የሚጠራውን ስማችንን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ወላጆቻችን በእንግሊዝኛ ሞክረው «አልገባኝም» የሚል መልስ ሲደጋገምባቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ጥፋቱ የምላሳቸው ይመስላቸዋል። የምላሳቸው እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን የንግግር መለያ ሥርዓቶች ፈትሸው፣ የነጭ አሜሪካውያን ንግግር ሲቀርብላቸው ከ100 ቃል በአማካይ 19 ያህሉን ሲሳሳቱ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ሲቀርብላቸው 35 ያህሉን እንደሚሳሳቱ አገኙ። እነዚህ ሰዎች በእንግሊዝኛ ተወልደው በእንግሊዝኛ ያደጉ ናቸው። ማሽኑ የሚያውቀው በሥልጠናው ወቅት በብዛት የሰማውን አነጋገር ነው፤ ያልሰማውን አያውቅም። ወጣቶች ይህን ለአያቶቻችሁ በአማርኛ አስረዷቸው።

አማርኛ ጨርሶ አልተጀመረም ማለቴ አይደለም። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው በ2005 ለንግግር መለያ ምርምር የሚሆን፣ ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ የአማርኛ ንባብ ስብስብ አቅርበዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ተመራማሪዎች በእርሱ ሠርተዋል። ጉግል በ2017 በድምፅ መጻፍ በሚያስችለው አገልግሎቱ ውስጥ አማርኛን ጨመረ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን በስልካችን መልእክት የምንጽፈው እየተናገርን ነው። በ2022 የአማዞን ተመራማሪዎች ለድምፅ ረዳት የሚሰጡ ትእዛዞችን በ51 ቋንቋዎች አዘጋጅተው ለምርምር ሲያወጡ አማርኛ አንዱ ነበረ፤ ሆኖም ያ ስብስብ ጽሑፍ እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ሳሎናችን ውስጥ ያለችው አሌክሳም እስካሁን በአማርኛ አትታዘዝም።

ሥራው ከባድ የሆነበት ምክንያት አለው። በአማርኛ አንድ ግሥ ብቻውን አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውንና አሉታውን ይይዛል፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚገጥመው የቃል ቅርጽ ብዛት ከእንግሊዝኛው ጋር አይወዳደርም። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይታይ፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል ከዐውዱ ገምቶ ማንበብ ይኖርበታል። የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የሸዋውና የጎጃሙ አነጋገርም ሁሉም መሰማት አለበት። ይህ ሁሉ የሚፈታው በሰው ድምፅ፣ በብዙ ሰው ድምፅ ነው።

ሲፈታ ምን እንደሚመስል ከሀገር ቤት ምሳሌ አለን። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 ከአጋሮቹ ጋር የከፈተው 8028 የሚባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር፣ ዘመናዊ ረዳት ሳይኖረው፣ አስቀድሞ በተቀረጸ የሰው ድምፅና በስልክ ቁልፍ ብቻ እየሠራ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ በነጻ ምክር ይሰጣል። ሲጀምርም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበረ። ማንበብ የማይችል ገበሬ በተራ ስልክ ደውሎ በቋንቋው መልስ አገኘ። አገልግሎቱ የተሠራው ከተጠቃሚው ኑሮ ተነሥቶ ስለሆነ ሰው ደወለለት።

አሁን ወደ ሥጋቱ ልምጣ። ቀደም ሲል መሣሪያው ሳይጠራ የተጠራ ይመስለዋል ብያለሁ። በጁላይ 2019 ቪአርቲ የተባለው የቤልጂየም ብሮድካስት ድርጅት በጉግል ረዳት የተቀረጹ ከ1000 በላይ ድምፆችን ሰምቶ፣ 153ቱ መጥሪያው ሳይነገር የተቀረጹ መሆናቸውን ዘገበ። በዚያው ዓመት የአማዞን፣ የጉግልና የአፕል መሣሪያዎች የቀረጹትን ድምፅ በከፊል ሰዎች ቁጭ ብለው እንደሚያዳምጡት ታወቀ፤ አፕል ይቅርታ ጠይቆ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳይደመጥ አደረገ። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ2018፣ በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የአንድ ባልና ሚስት የቤት ውስጥ ወሬ ሳያውቁት ተቀርጾ ከስልክ ማውጫቸው ውስጥ ላለ ሰው ተላከ፤ አማዞንም መሣሪያው ተራ ንግግርን እንደ ተከታታይ ትእዛዝ አድርጎ በመስማቱ የደረሰ መሆኑን ገለጸ። በ2023 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ ከሚገባው በላይ አቆይቷል ብሎ አማዞንን ከሰሰው፤ ኩባንያው 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአንዳንድ ኤኮ ሞዴሎች ተጠቃሚዎች ድምፃቸው ከመሣሪያው ሳይወጣ እንዲሠራ የሚያደርጉበት ምርጫ ነበራቸው፤ ይህም በማርች 2025 ተነሥቷል።

እነዚህን ጉዳዮች የዘረዘርሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ የእኛ ሳሎን ከብዙው አሜሪካዊ ሳሎን የተለየ ስለሆነ ነው። በእኛ ሳሎን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣሉ ባልና ሚስትን ያስታርቃሉ። የንስሐ አባት ይመጣሉ። ለቅሶ ይደረሳል፣ የእድር ጉዳይ ይመከራል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ያላለቀለት ዘመድ ጭንቀቱን ያወራል። የሽማግሌ ጉባኤ ሲቀመጥ መሣሪያው ከክፍሉ ይውጣ ወይም ከሶኬቱ ይነቀል እላለሁ፤ እንግዳም ቤታችን ሲገባ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳለ ልንነግረው ይገባል፤ ቤቱ የእኛ ቢሆንም ድምፁ የእርሱ ነውና። በሌላው ጊዜ ማይክሮፎኑን የሚዘጋውን ቁልፍ መጠቀም ይበቃል፤ ኤኮ ማይክሮፎኑ ሲዘጋ ቀይ መብራት ያሳያል። የተቀረጸውን በመተግበሪያው ውስጥ ገብቶ ማዳመጥም መሰረዝም ይቻላል፤ በድምፅ ግዢ እንዳይፈጸም ምስጢር ቁጥር ማስገባት ወይም ግዢውን ጨርሶ መዝጋት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ብቻቸውን ለሚውሉ ወላጆች ስፒከሩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ምትክ አድርጋችሁ አትተዉላቸው፤ 911 የሚደወልበት ስልክ በአጠገባቸው ይኑር።

በሕግ በኩል ያለን መብት የሚለያየው እንደምንኖርበት ግዛት ነው። የቨርጂኒያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ፣ የሜሪላንዱ ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል፤ ሁለቱም ኩባንያ ስለ እኛ የያዘውን መረጃ እንድናይና እንዲሰረዝ እንድንጠይቅ መብት ይሰጡናል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ድምፃቸውን እንዲያስቀርጹ የሚጠየቁ ዘመዶቻችን ይህን አዋጅ ሊያውቁት ይገባል።

መሣሪያው አማርኛ እንዲማር ድምፅ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል ብያለሁ፤ መስጠት የሚፈልግ ሰው ሊሄድበት የሚችል ግልጽ መንገድም አለ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት በኢንተርኔት የሚያሰባስበው ኮመን ቮይስ አማርኛን ከያዙት ክፍት የድምፅ ስብስቦች አንዱ ነው፤ ማንም ሰው የቀረቡለትን ዓረፍተ ነገሮች አንብቦ ድምፁን ሊሰጥ፣ የሌላውንም ሰምቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። ቅጂው ለማንኛውም ሰው ያለ ገደብ የተለቀቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ተማሪም ትልቁ ኩባንያም እኩል ይጠቀሙበታል። ይህን አውቆ የሚሰጥ ሰው መልካም ሥራ ሠርቷል። የማልቀበለው ሌላውን መንገድ ነው፦ ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ሳያነቡ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነው፣ ወይም የልጅ ልጃቸው ስለተጫነላቸው፣ የእናቶቻችን ድምፅ የት እንደገባ ሳይታወቅ መቅረቱን።

የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ለአማርኛ ተናጋሪው በአማርኛ ያቀርባሉ። ይህ የሆነው የማኅበረሰባችን ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ስለጠየቁ ነው። ከድምፃችን ሊያተርፍ የሚመጣ ኩባንያም የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ ያቅርብልን፤ ድምፁ ለምን እንደሚውል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሐሳባችንን ብንለውጥ እንዴት እንደሚሰረዝ በቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ያ ካልሆነ አንፈርም። ይህን ጥያቄ እንደ አንድ ማኅበር በጽሑፍ እንድናቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ረቂቁን አዘጋጅቼ ለሰብሳቢው አስረክቤአለሁ፤ አንብባችሁ አርሙልኝ፣ ጨምሩበት፣ ከተስማማችሁም ፈርሙበት።

አመሰግናለሁ።