ፋንደም፦ ለኳሱ ጀርባውን የሰጠው ሰው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ፋንደም ስለምትባለው ቃል ላወራችሁ ነው። ቲክቶክ ላይ አለች፣ ቴሌግራም ላይ አለች፣ አሁን አሁን ታክሲ ውስጥም እሰማታለሁ። ልጆቹ "አንቺ የየትኛው ፋንደም ነሽ?" ይባባላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ምንነቱን ይጠይቁና ሲነገራቸው "አሃ፣ አድናቂ ማለት ነዋ!" ብለው ይተዉታል። እኔ ግን አድናቂና ፋንደም አንድ ናቸው ብዬ አላምንም።

እናቴን ልንገራችሁ። ጥላሁን ገሠሠን እንደሷ የሚወድ ሰው አላየሁም። ሬዲዮ ላይ ድምፁ ከመጣ የያዘችውን ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ትታ ትቆማለች። ግጥሙን አንድም ሳታዛንፍ ትለዋለች። ግን ስለ ጥላሁን ለማውራት ብላ ከማንም ጋር ተቀጣጥራ አታውቅም። ካሴት አልተዋዋሰችም፣ ሌላ ወዳጁን ፈልጋ አልሄደችም። ነገሩ በእሷና በእሱ መካከል የሚያልቅ ነው። እናቴ አድናቂ ናት፣ ያውም የምር። ፋንደም የሚጀምረው ግን አድናቂው ከሚወደው ነገር ላይ ዓይኑን አንስቶ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞር ያለ ጊዜ ነው።

ቃሉ የትናንት አይደለም። ከ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ በአሜሪካ ጽሑፎች ላይ ይገኛል፤ ያኔ የሚጠሩበት የስፖርት ተመልካቾች ነበሩ። ፋን ራሷ ፋናቲክ ከሚለው ተቆርጣ የወጣች ናት፣ እኛ ከጣሊያን የወሰድናት ቲፎዞ ደግሞ ከታይፈስ ትኩሳት ጋር ዘመድ ናት። ሁለቱም ስም ሲወጣላቸው ሙገሳ አልነበሩም ማለት ነው፤ ግን ሰዎቹ ወደዷቸውና የራሳቸው አደረጓቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የሳይንስ ልብወለድ አንባቢዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ጌርንስባክ የሚባል አሳታሚ አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነት ታሪኮች ብቻ የሚወጡበት መጽሔት ጀመረ። አንባቢዎች ይጽፉለታል፣ እሱም ደብዳቤዎቹን ከጸሐፊዎቹ አድራሻ ጋር ያትማል። አድራሻው ነው ነገሩን የለወጠው! አንዱ ከተማ ያለ ልጅ "ለካ እንደኔ ያለ ሰው አለ" ብሎ በቀጥታ ለሌላው ጻፈ፣ መጽሔቱን ማለፍ አላስፈለገውም። ከዚያ ክበብ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1930 ቺካጎ ውስጥ የራሳቸውን ትንሽ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። በ1939 ኒውዮርክ ላይ ትልቅ ጉባኤ ጠሩ፣ ያ ጉባኤ ዛሬም አለ። ፋንደም የሚለውን ቃል ከስፖርቱ ወስደው ለራሳቸው መጠሪያ ያደረጉትም በዚያው ዘመን ነው። እና እነዚህን ሰዎች ፋንደም ያደረጋቸው ምንድን ነው? ታሪኩን መውደዳቸው ብቻማ አይደለም። ብዙ ሰው ይወደው ነበር። እነሱ ግን ተጻጻፉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ስታዲየም ልምጣ። ከመስቀል አደባባይ ወረድ ብሎ ያለውን ማለቴ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበት ሜዳ። መቀመጫዎቹ ስም አላቸው፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ። "ከማን አንሼ" የምትለዋን እስቲ አስቧት። ቲኬቱ ላይ ይህን ስም ማን ይጽፋል? ተመልካቹ ነው ያወጣው፣ ያውም ቀና ብሎ ተቀምጦ።

የሸገር ደርቢ ቀን፣ ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የማየው አስጨፋሪውን ነበር። አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ ማልያው በላብ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ድምፁ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተዘግቶ፣ ፊቱ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደኛ ነው። ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቷል። ጎል ሲገባ የሚያውቀው ከእኛ ፊት አይቶ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ ጨዋታውን አያየውም! ክለቡን ስለማይወድ ነው? ከማናችንም በላይ ይወዳል። ግን የእሱ ሥራ እኛ ነን። ከበሮ መቺው ከእሱ ይቀበላል፣ ሚስማር ተራ ይጀምራል፣ ማዶው ይመልሳል፣ በስም የማይተዋወቅ ሺህ ሰው በአንድ ምት ያጨበጭባል። ፋንደም ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያን ሰውዬ ነው የማሳያችሁ።

እና እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አርሴናል ሲሸነፍ ራት የማይበላ ትልቅ ሰው እናውቃለን፣ እንዲያውም ቤተሰቡ "ተዉት፣ ዛሬ ተሸንፏል" ብሎ ያባብለዋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ኮሪያ ዘፋኝ ስታለቅስ ግን "ምን ነካት?" ትባላለች፣ ስልኳ ይነጠቃል። ለምን? ሁለቱም የሚወዱት አይተውት የማያውቁትን፣ ቋንቋውን የማይናገሩለትን ሰው ነው።

በቀደም አምባሳደር አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ወረቀት ላሳትም ገብቼ ሁለት ተማሪዎች አገኘሁ። ፍላሽ ይዘዋል። ቢቲኤስ የሚባለውን የኮሪያ የዘፋኞች ቡድን ልጆች ፎቶ በወፍራም ወረቀት እያሳተሙ፣ አንዷ በመቀስ ጠርዙን ክብ እያደረገች ትቆርጣለች፣ አንዷ ጀርባው ላይ በአማርኛ ስም ትጽፋለች። ባለቤቱ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አላት። "ጋሼ፣ ለልደት ነው፤ ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ለሁሉም አንድ አንድ ይደርሳል" አለችው። "የማን ልደት?" "የሱ" አለች፣ ፎቶውን እያሳየች። ሰውዬው ሳቀ። እኔ ያየሁት ግን ስሞቹን ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ሳይሆን የምትቀበለዋ ልጅ ስም ነበር።

እነዚህን ልጆች አቅልሎ የሚያይ ሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የሆነውን ያስታውስ። ቢቲኤስ አሜሪካ ውስጥ ለጥቁሮች መብት ለሚታገለው ንቅናቄ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። አርሚ የሚባሉት ደጋፊዎቹ ይህን ሲሰሙ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ከየኪሳቸው አዋጥተው ሌላ 1 ሚሊዮን ሞሉ። ያን የሚያደርግ ሰው የተደራጀ ነው፣ የሚተማመን ነው።

መጥፎ ጎን የለውም ወይ? አለው እንጂ። ያው አንድነት ሲበላሽ ድንጋይ ይወረውራል። ስታዲየማችን ውስጥ ስድቡ ከኳስ አልፎ የሰው ማንነት ላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር፣ ልጁን ይዞ የመጣ አባት ጆሮውን ሸፍኖለት የወጣበት። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያው፣ አንድ ሰው "አልወደድኩትም" ስላለ መቶ ሰው ይዘምትበታል። ይሄ ደጋፊነት አይደለም። ለዚህ ምክንያት ስንፈልግለት መኖር የለብንም።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስታዲየሙ ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ሊጉ ከተማ ለከተማ ሲዞር ቆየ፣ ደጋፊው ክለቡን በዲኤስቲቪ የሚያይ ሆነ። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተወለደበት አራዳ ደግሞ ብዙው ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያ የለም፣ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። አንድ የማውቃቸው አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን የጊዮርጊስ ደጋፊ የነበሩ፣ አሁን ከድሮ የሰፈር ልጆቻቸው ጋር የሚገናኙት በቴሌግራም ነው። በጨዋታ ቀን ድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ጽሑፍ አይወዱም፣ ይዘፍናሉ። አንዱ ካቆመበት ሌላው ከሲኤምሲ፣ ሌላው ከጀሞ ይቀጥላል።

ይሄን ስሰማ የመጣልኝን ልንገራችሁ። የእነዚያ የሳይንስ ልብወለድ አንባቢዎች በእጃቸው ያባዟቸው መጽሔቶች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ሄዶ ያያቸዋል። የእኛ የካታንጋ ዘፈኖችስ የት ናቸው? በ2003 ዓ.ም. ቡና ዋንጫ ሲያነሳ የተዘፈነው፣ በ2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ የተጨፈረው? አብዛኛው ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ሰው ደግሞ ያረጃል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ የሰፈራችሁ ጋሼ ካታንጋ ይቀመጡ ከነበረ ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የየትኛው ክለብ ደጋፊ ይሁኑ ግድ የለም። ዘፈኑን አስዘፍኗቸው፣ ማን እንዳወጣው ጠይቁ፣ በየትኛው ጨዋታ እንደተጀመረ ጠይቁ፣ ቅዱት። ሲቀዱ ደግሞ ዓመቱን መናገር እንዳይረሱ። የምትልኩልኝን እዚሁ አሰማለሁ። ቻው።