ቆዳ ሲላጥ ሳንባስ? የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

በመድኃኒት ሳቢያ ሰውነትን ውሃ አስቋጥሮ ስለሚልጠው ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረምና ከእሱ ስለሚብሰው ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች የሳንባ ስፔሻሊስቱ የሰጡት መልስ ይኸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰውነቱ ተላጦ ሆስፒታል ተኝቷል። አስታማሚው እኔ ነኝ፤ ይተላለፍብኛል?

መልስ፦ አይተላለፍም። እጅሽን ታጥበሽ ግቢ፤ ጥንቃቄው ለእሱ ነው፤ ቆዳው በተላጠበት ሁሉ ጀርም በቀላሉ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ በሽታው የቆዳ ከሆነ ሳንባን ምን አገናኘው?

መልስ፦ ሁሌም የምጠየቀው ነው። ከላይ የሚታየው ቆዳ ብቻ አይደለም የሚላጠው። የዓይን፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የአየር ቧንቧ የውስጥ ሽፋንም አብሮ ይነሣል። የተላጠው ሽፋን ከአክታው ጋር ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ በሽተኛው ስሎ ማውጣት ያቅተዋል፤ ኦክስጅኑ ይወርዳል። የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል፤ ሲብስም በመሣሪያ መተንፈስ ግድ ይሆናል። ቆዳው ጥቂት ብቻ ስለተላጠ ሳንባው ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም።

ጥያቄ፦ በዚሁ በሽታ የተያዘችው እህቴ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ራጁ ግን ንጹሕ ነው ተባልን።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኦክስጅኗንና የትንፋሿን ፍጥነት ደጋግመው እንዲለኩላት ጠይቁ። የወሰደችውን መድኃኒት ስምም ለሐኪሞቿ ንገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ አምና ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ወስዶ አፉ ቆስሎ፣ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ዳነ። አሁን ሳል ይዞታል። ከእህቱ የተረፈ ያው መድኃኒት ቤት አለ፤ ግማሽ ክኒን ልስጠው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይሰጡት፣ እናቴ! ግማሹንም፣ ሩቡንም፣ ሽሮፑንም ቢሆን። ሰውነቱ ያንን መድኃኒት አይረሳም። በመጀመሪያው ጊዜ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሣል፤ በሁለተኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊነሣና ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። መጠን መቀነስ አያድንም። ቀለል ያለው ዓይነት ከ10 ሰው አንዱን ገደማ ይገድላል፤ ከባዱ ከ3 ሰው አንዱን ገደማ። ልጅዎ አንዴ አምልጧል፤ እባክዎ መልሰው አይክተቱት።

ይህን ለሁላችሁም እላለሁ። የተረፈ መድኃኒት አታስቀምጡ፤ ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው አትስጡ። ሕመሙ ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን ማቃጠል። ሰው ታዲያ «መድኃኒቱ ገና አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ክኒን ይደርባል። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለሚጥል በሽታ በሚሰጡት በካርባማዜፒን፣ በፌኒቶይንና በላሞትሪጅን፣ ለሪህ በሚሰጠው አሎፑሪኖልና ለኤችአይቪ በሚሰጠው ኔቪራፒንም ይመጣል። አንድ መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ስለሚሸጥ ዋናውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ የትም ስትታከሙ አሳዩ። የልጅዎን ሳል ደግሞ ሐኪም ያዳምጠው።

ጥያቄ፦ ከዚህ በሽታ ድኜ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወራት አልፈዋል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። የአስም መድኃኒት ተሰጠኝ፤ አልረዳኝም።

መልስ፦ አስም ላይሆን ይችላል። ቆዳው ከዳነ በኋላ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ የሚጠብቡበት ሁኔታ አለ፤ ብሮንኮላይቲስ ኦብሊተራንስ ይባላል። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ አቅም መለኪያ ምርመራና አየሩን አስወጥተው ሳለ ጭምር የሚነሣ ሲቲ ስካን ያስፈልግዎታል። ጠባሳውን መመለስ ስለሚከብድ አይዘግዩ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉት። የሳንባ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የበሽታውን ታሪክና የመድኃኒቱን ስም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። አፌ ቆስሏል፣ ዓይኔ ያቃጥለኛል፣ ያስለኛል። ቀጠሮዬ ሳምንት ነው፤ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ ልጄ። የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጥ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታህ ሊነሣብህ ስለሚችል አቁመህ ቤት አትቀመጥ፤ እዚያ ሌላ ይተኩልሃል። ሰው አስከትል፤ የመድኃኒቱን ፓኬት ይዘህ ሂድ።