አልተገዛንም ካልን በኋላ

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቅኝ ግዛት ታሪክ፣ ደግሞም ቅኝ ግዛት ስለሌለበት ዓለም እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «እኛ መቼ ተገዛን?» የሚል ነበር። ይህን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እውነትም ነው። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከተባለች በኋላ ወሬው እዚያው ያበቃል። ዛሬ ከእሷ በኋላ ያለውን እናውራ።

ከቃላት ልጀምር። ዛሬ ስንቶቻችሁ ማኪያቶ ጠጣችሁ? መኪና ያላችሁ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ትላላችሁ። ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ፣ መኪና ሲቆሽሽ ላቫጆ። አሁን ያለነው ፒያሳ ነው። ከዚህ ስትወጡ ወያላው የሚጠራው «መርካቶ» ወይ «ካዛንቺስ» ነው። ሁሉም ቃል በወረራው አምስት ዓመት ውስጥ ገባ አልልም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም እዚህ የኖሩ ጣሊያኖች ነበሩ። የአንዳንዱ ስም አመጣጥ ግን ደስ አይልም።

መርካቶን እንውሰድ። ድሮ የከተማው ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማዋን በቆዳ ቀለም ሊከፍላት አሰበ። ይሄ ሰፈር ለነጭ፣ ወደ ምዕራብ ያለው ለጥቁር። ገበያውን ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው። የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል ከጊዜ ጋር ወደቀ፤ መርካቶ ብቻ ቀረ። አሁን እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ በዚያ ካርታ ላይ ለእናንተ አልታሰበም ነበር። በ1929 ደግሞ ጣሊያናዊና አፍሪካዊት እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

የካቲት 12ን እዚህ አልዘረዝርም። ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ጭፍጨፋውን በቁጣ ፈጸሙት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ካርታውን ግን ወንበር ስበው፣ ቡና እየጠጡ ነው የሳሉት። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በርሊን ላይም ከኅዳር እስከ የካቲት 1877 ዓ.ም. እንዲሁ ነው የተቀመጡት። 14 መንግሥታት ስለ አፍሪካ ሲመክሩ አንድም አፍሪካዊ አልተጠራም። ብዙ ሰው አህጉሪቱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደ ዳቦ ቆርሰው የተካፈሉ ይመስለዋል። የተስማሙት በአወሳሰዱ ደንብ ላይ ነው፤ መቆራረሱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። ለዘረፋ ደንብ ማውጣት! ቢሮክራሲ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

ደንቡ ነፃ የወጣንም አይለቅም። ሃይቲን እዩ። ባሮች ተነስተው፣ ፈረንሳይን አሸንፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃ አገር ሆኑ። ከዓድዋ 92 ዓመት በፊት ማለት ነው። 21 ዓመት ቆይቶ የፈረንሳይ ጦር መርከቦች ወደቡ ላይ መጡ። ንብረታቸውን ላጡ ፈረንሳውያን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ክፈሉ፣ ያኔ ነፃነታችሁን እንቀበላለን አሉ። ከዚያ ንብረት ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩበት። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ወረደ። ያም ሆኖ እሱን ለመክፈል ከተበደሩት ጋር ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ።

እኛስ? ባንዲራ አልተተከለብንም እንበል። የቡናችን ዋጋ ግን ሲደራደሩበት ኒው ዮርክ ያለው ገበያ ምን አለ ተብሎ ነው። ጅማ ላይ ለቀማ የምትለቅመው ሴት ኒው ዮርክን አታውቃትም፤ ኒው ዮርክ ግን ኪሷን ታውቃለች።

አንድ የሚከብድ ነገርም ልጨምር፤ ካኮረፋችሁ በኋላ እንታረቃለን። በዚሁ አገር አያቱ ገባር የነበረ ሰው አለ። መሬቱ የሌላ ሆኖ፣ እህሉንም ጉልበቱንም ሲገብር የኖረ። ሥርዓቱ የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ነው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ «አልተገዛንም» የሚለውን ስንፎክር እኛ በምንሰማው ጆሮ አይሰማውም። ዓድዋ ላይ የሱም አያት ዘምቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለብን እላለሁ።

እሺ፣ ቅኝ ግዛት የሌለበት ዓለምስ? ገነት አልስልም። ነጭ ባይመጣም እርስ በርስ መዋጋታችን አይቀርም ነበር። እዚህ ከተማ ግን በአንድ ወቅት በቁም ነገር የታሰበ ዓለም ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። የጋናው መሪ ንክሩማ አንድ የአፍሪካ መንግሥት ይኑረን አሉ። ብዙዎቹ ቀስ እንበል አሉ። በዓመቱ ካይሮ ላይ ነጮቹ ያሰመሩት ድንበር ባለበት እንዲረጋ ተስማሙ፤ ሶማሊያና ሞሮኮ ሲቀሩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ልላቸው ይቃጣኛል። ግን ሞኞች አልነበሩም። ያን መስመር መነካካት ከጀመሩ ጦርነቱ ማቆሚያ እንዳያጣ ፈርተው ነው። የኛም መንግሥት ቢሆን ድንበሩ እንዲረጋ ይፈልግ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ በተፈረመበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ለንደን ላይ አንድ ሕግ ወጣ። ብሪቲሽ ሙዚየም የያዘውን ዕቃ እንዳይሰጥ የሚያግድ ሕግ። ከያዘው ውስጥ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው ታቦታት አሉበት። ሙዚየሙ ዘንድ ያሉት ታቦታት 11 ናቸው። ቅዱስ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ለሕዝብ አያሳያቸውም። እነሱ አያዩአቸውም፤ እኛም አናገኛቸውም።

እኔ የምስለው ዓለም ከዚህ ይጀምራል። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ከሰዓት። ካህናቱ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ጥላው ከላይ፣ ከበሮው ከኋላ፣ እልልታው ሲያስተጋባ። እነዚያም 11ዱ እንደ ማንኛውም ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ። ሰው ሁሉ ተራ ነገር ነው ብሎ፣ ስልኩን እንኳ ሳያወጣ ሲያልፍ።

የኔ ይሄ ነው። እስቲ የናንተ ከየት እንደሚጀምር ልስማ። ማይኩን ከኋላ ጀምሩልኝ፤ ከፊት ያሉት ሁልጊዜ ይደርሳቸዋል።