«ቅርፊቱን አትላጡት»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ዕለት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ለገቡ አድማጮች የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የሰጡት መልስ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ መልሱን እንደተነገረ ትተነዋል።

ከፒያሳ፦ ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

በኛው። የፈረንጅ አጀንዳ ከገዛህ ጳጉሜን የት ልታደርጋት ነው?

ከካዛንቺስ፦ ለመጀመር የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተር አይቼ ዋጋው አስደነገጠኝ። ግድ ነው?

ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቆንጆ ደብተር ገዝቶ «አበላሸዋለሁ» ብሎ ፈርቶ ባዶውን ያስቀመጠ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ቤት አንድ አለ። ሀውን በሐ ብትጽፊው የሚያርም አስተማሪ የለም። ብቻ ሰዓት ያዢ፤ 15 ደቂቃ።

ከስድስት ኪሎ፣ ተማሪ፦ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። መጻፍ ይረዳኛል?

እንደምትጽፈው ነው። አሜሪካ፣ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ጻፉ፤ ገሚሱ ነገ የሚሠራውን፣ ገሚሱ የጨረሰውን። የነገውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ግን «ነገ ብዙ ሥራ አለኝ» ብለህ አትለፈው። «ሃንድአውት ኮፒ ማስደረግ፣ ለእማዬ መደወል» እያልክ ዘርዝረው። የልብህን ጉዳይ ለቀን አቆየው።

ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፦ እጮኛዬ ከተለየኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። «ይወጣልሻል» ስላሉኝ በየማታው እጽፋለሁ፤ አራት ደብተር ሞላሁ። የድሮውን እያነበብኩ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አለቅሳለሁ።

የኔ እህት፣ ይሄን ታሪክ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አትቆጪኝና፣ አንቺ እየጻፍሽ ሳይሆን እያብሰለሰልሽ ነው። ቁስል ቅርፊቱን በየማታው እየላጡት ይድናል?

ይሄ «ጻፉት ይወጣላችኋል» የሚባለው ነገር የሚጠቀሰው ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከጄምስ ፔንቤከር ጥናት ነው። ሰውየው በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ተማሪዎችን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ቀን አስጻፈ። አራት ቀን! ሁለት ዓመት አላለም። ደግሞ ጽፈው እንደጨረሱ ከፍቷቸው ነበር፤ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ክሊኒክ መመላለሳቸው የቀነሰው በኋላ፣ በቀጣዮቹ ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ ሲታይ ይበልጥ የተሻላቸው ከቀን ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የሚሉ ቃላት የጨመሩት ናቸው። እስቲ አንደኛውንና አራተኛውን ደብተር ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ሁለቱም ላይ ያለው «ለምን እንዲህ አደረገኝ?» ብቻ ከሆነ እዚያው በዚያው እየረገጥሽ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አራቱንም በፌስታል ቋጥረሽ ለምታምኛት ሰው ስጪ። አታቃጥያቸው፤ በኋላ ይቆጭሻል። መጻፍ ካማረሽ በቀን ብርሃን፣ ሰዓት ይዘሽ፣ 15 ደቂቃ፤ ከዚያ ዘግተሽ ተነሺ፣ ቡና አፍዪ፣ ጎረቤት ጥሪ። እጅሽ «መኖር በቃኝ» ብሎ ከጻፈ ግን ደብተር አይመልስልሽም። ይሄን ሁላችሁም ስሙኝ፤ በዚያችው ቀን ለቅርብ ሰው ነግራችሁ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ሂዱ። አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት እንቅልፍ ካጣሽ እዚያ ሳይደርስም ባለሙያ ይይሽ።

ከአራት ኪሎ፣ እናት፦ የ14 ዓመት ልጄን ማስታወሻ ፍራሽ ስር አገኘሁት። ላንብበው?

መልሰሽ እዚያው አድርጊው፤ በዚያው አኳኋኑ። አንዴ ካነበብሽባት ሁለተኛ እውነቷን አትጽፍም፣ አትነግርሽምም። የሚያሳስብሽ ነገር ካየሽ እሷኑ ጠይቂያት።

ከለገሃር፦ መጻፍ ከጀመርኩ ቀለል ብሎኛል። ሐኪም ያዘዘልኝን የድብርት መድኃኒት ላቁም?

በፍጹም። ወዳዘዘልህ ሐኪም ሂድ፤ ደብተርህንም ያዝለት።