ጂኑ ጮኸ፣ ኢንዛይሙስ ቆረጠ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከድሬዳዋ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ልም አጥንት፣ ካርቲሌጅ ስለምንለው ነው። የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲኖች፣ በተለይ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ፣ የካርቲሌጅ ሕዋስን ሲነኩ ኢንዛይሞቹ ምን ይሆናሉ? ብዙ ሰው የጂኑ ንባብ ከፍ ሲልለት ኢንዛይሙም ሥራ ጀመረ ብሎ ይደመድማል። ኧረ አቦ፣ ገና ነው!

ኢንተርሉኪኑ ተቀባዩን ሲይዝ ጂን የሚያስነሳው ፕሮቲን ኤንኤፍ-ካፓ ቢ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፤ ሁለት ቆራጭ ኢንዛይሞች በብዛት ይመረታሉ፦ ኮላጅንን (የካርቲሌጁን ጠንካራ ክር) የሚቆርጠው ኤምኤምፒ-13 እና አግሪካንን (በክሩ መሃል ውሃ የሚይዘውን ፕሮቲን) የሚቆርጠው አዳምትስ-4። ኤምኤምፒ-13 ግን ከሕዋሱ የሚወጣው ተቆልፎ ነው፤ ለመቁረጥ የሚያስፈልገውን ዚንክ የሚጋርድ ቁራጭ አለበት። ያ ካልተወገደ ኮላጅን አይነካም። ከተከፈተም በኋላ ቲምፕ የሚባሉ ገቺዎች አንድ ለአንድ ይይዙታል።

ወደ ሙከራው ስንመጣ፣ ከቄራ የሚመጣው የከብት እግር መገጣጠሚያው ሳይከፈት በበረዶ ይምጣ። በድሬ ሙቀት ተከፍቶ ከዋለ አለቀለት። 3 ሚሊሜትር የካርቲሌጅ ቁራጮች ይወጣሉ፣ ሴረም (የደም ውሃ) በሌለው ሚዲየም (ሕዋስ በሚመገብበት ፈሳሽ) ያድራሉ፣ ከዚያ በሚሊሊትር 10 ናኖግራም ኢንተርሉኪን ይጨመራል። ሴረም የሚከለከለው በውስጡ ያለው አልፋ-2 ማክሮግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን ኢንዛይሙን አጥምዶ ስለሚያስቀረው ነው። 10 ናኖግራም ደግሞ በታመመ ጉልበት ፈሳሽ ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል፤ ሥራውን ያፈጥናል እንጂ ጉልበትን አይመስልም። ይሄን ሳይናገሩ ውጤት ማቅረብ ደስ አይለኝም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ሚዲየሙ የሚወጣው አግሪካን ነው፤ ዲኤምኤምቢ በሚባል ቀለም በ525 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል። ቀለሙ እንደተጨመረ ወዲያው አንብቡ፣ ከቆየ ይዘቅጣል። ኮላጅን ግን ለመፍረስ ሳምንታት ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን የኮላጅን ምልክት የሆነውን ሃይድሮክሲፕሮሊን ለክቶ «መድኃኒቴ ኮላጅኑን ጠበቀው» ማለት ቀልድ ነው።

የኤምኤምፒ ሥራ ሲቆረጥ ብርሃን በሚሰጥ ማሳያ ሲለካ ናሙናውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ላይ 1 ሚሊሞላር ኤፒኤምኤ የሚባል ኬሚካል ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ አቆዩት፤ ይህ የተቆለፈውንም ይከፍታል። ሌላው እንዳለ ይለካ። ልዩነታቸው ተቆልፎ የቀረው ነው። ኤፒኤምኤ ሜርኩሪ ስላለበት ዝቃጩን ሲንክ ውስጥ አትድፉት። ሦስተኛ ቱቦም ያዙ፣ ብረታዊ ማዕድን ይዞ የሚያስቀር ኢዲቲኤ 10 ሚሊሞላር ያለበት። ኤምኤምፒ የሚሠራባቸው ዚንክና ካልሲየም ተወስደውም ብርሃኑ ካልጠፋ ስትለኩ የነበረው ሌላ ኢንዛይም ነው።