ሰይፍ የያዙት ሴቶች እና ስም ያልተጻፈበት መቃብር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ብዙ ዓመት አብሮኝ ስለኖረ አንድ ተከታታይ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ላወጋችሁ ነው። በእንግሊዝኛ «ሶርድ ኤንድ ሶርሰረስ» ይባላል፤ እኔ «ሰይፍና አስማተኛይቱ» እለዋለሁ። «ጠንቋይቱ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። ጠንቋይ በእኛ ዘንድ ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ዕጣ የሚናገር ነው፤ «አስማት» ግን በግእዝ «ስሞች» ማለት ስለሆነ፣ ስም በመጥራት ኃይል ለሚገኝበት ለዚህ ዓይነቱ ተረክ ይበልጥ ይስማማዋል።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የጀግና ተረክ የወንድ ቤት ነበር። ሊን ካርተር በ1973 «ፍላሺንግ ሶርድስ» የተባለውን መድበል ሲጀምር የመጀመሪያው ቅጽ አራት ደራስያን አራቱም ወንዶች ነበሩ፤ በዘርፉ ውስጥም ሴት በአብዛኛው የምትታየው ስትታፈን፣ ስትታደግ ወይም ለአሸናፊው ስትሰጥ ነበር። በ1979 ጄሲካ አማንዳ ሳልመንሰን ሴት ተዋጊዎችን ብቻ የያዘ «አማዞንስ!» የተባለ መድበል አወጣች፤ በ1984 ደግሞ ማሪዮን ዚመር ብራድሊ በዶው አሳታሚ ቤት በኩል የሰይፍና አስማተኛይቱን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመች። ብራድሊ ስም ያላቸውን ብቻ ሳትጠብቅ ማንም ያላወቃቸውን ጀማሪዎችም ስለተቀበለች፣ ኋላ የታወቁ በርካታ ደራስያን ገና በማለዳቸው እዚያ ታትመዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ባጭሩ ይነገራል። ብራድሊ በ1999 አረፈች፤ ዶው በ2004 ከ21ኛው ቅጽ በኋላ ተወው፤ በ2007 ኖሪላና የተባለ ትንሽ አሳታሚ አነሣውና በኤሊዛቤት ዋተርስ አርታኢነት ቀጥሎ እስከ 34ኛው ቅጽ፣ እስከ 2019 ደረሰ።

በ2014 ግን የብራድሊ ልጅ እናቷ በሕፃንነቷ ጥቃት ታደርስባት እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። ብራድሊ እንደ አርታኢ በየታሪኩ መግቢያ ላይ የጻፈቻቸውን ሞቅ ያሉ አጫጭር ማስታወሻዎች ቀድሞ እንደ እናት ምክር አነባቸው ነበር፤ አሁን ገጹን አልፌ በቀጥታ ወደ ታሪኩ እገባለሁ። መጽሐፎቹን ከመደርደሪያዬ ያላወጣኋቸው፣ በውስጣቸው ያሉት ደራስያን የእርሷ ንብረት ስላልሆኑ ነው።

ከእነርሱም ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ቻርልስ ሳንደርስ ነው። በፔንስልቬንያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1969 ለቬትናም ጦርነት መመልመልን ሸሽቶ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ጀግናው ዶሱዬ፣ በዛሬዋ ቤኒን፣ በምዕራብ አፍሪካ የነበረውን የጥንቱን የዳሆሜ መንግሥት ሴት ወታደሮች አርአያ አድርጎ የፈጠራት፣ በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ግቦ በተባለ የጦር በሬዋ ላይ ተቀምጣ ስትጓዝ ጊሚሌ ከተባለ ዘፋኝ ጋር ትገናኛለች። ፈረስ የሌለበት፣ የአውሮፓ ግንብ የማይታይበት የጀግና ታሪክ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንብቤ እንደ ጨረስኩ መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ሳንደርስ በግንቦት 2020 በኖቫ ስኮሺያ ሞተ፤ ስም ባልተጻፈበት መቃብርም ተቀበረ። ይህ የተሰማው ቆይቶ ነው፤ በተሰማ ጊዜ ወዳጆቹና አንባቢዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ አቆሙለት።